ስለ ቀላል የአንጎል ምትና ስለ መድኃኒቱ ምርጫ

በዚህ ዓምድ ከዚህ ቀደም ስለ ልጆች አስተዳደግ፥ ስለ ምግብና ስለ ቤት ንጽሕና ስንጽፍላችሁ ቆይተናል። ዛሬ የምናቀርብላችሁ ግን ከመጽሐፍ ብቻ ያገኘነውን ሳይሆን ከራሳችን ስሕተት የተማርነውን ነው። አስተማሪ የሆነ ሰው ስሕተቱን ሸሽጎ ምክሩን ብቻ ቢያቀርብ ምክሩ ግማሽ ይሆናልና ነገሩን እንደ ሆነው አድርገን እንጽፈዋለን።

በጉለሌ፥ በሽሮ ሜዳ ሠፈር፥ በሽመና ሥራ የሚተዳደሩ አንድ ጎረቤት አሉን። ዕድሜያቸው ከ50 ዓመት ጥቂት አልፏል፤ የእጃቸው ሥራ በሠፈሩ ገበያ የታወቀ ነው። ትምህርት ቤት ለክረምት በተዘጋበት ወራት አንድ ማክሰኞ ቀን ኪዳን አድርሰው ከቤተ ክርስቲያን ተመለሱና እንደ ልማዳቸው ሥራቸውን ጀመሩ። ከጧቱ 12 ሰዓት ተኩል ሲሆን መወርወሪያው ከቀኝ እጃቸው ወደቀ። አንሥተው ቢወረውሩት እንደ ገና ወደቀ። ጣቶቻቸው አልታዘዝ አሏቸው፤ የከንፈራቸውም ጫፍ በአንድ ወገን ጥቂት ዘንበል አለ። ንግግራቸው ግን ደኅና ነበረ፤ ተነሥተውም ያለ ደጋፊ ይሄዱ ነበር።

ባለቤታቸው ወደ ቤታችን መጥተው «መምህር፥ እባክዎ አንድ ጊዜ ይድረሱልኝ» ቢሉን ሄድን። በቤቱ የተሰበሰበው ዘመድና ጎረቤት ሁሉ የየራሱን ይናገር ነበር። አንዱ «ምች ነው፤ ዳማከሴ ታሽቶ ይሰጣቸው» ይላል። ሁለተኛው «ሥር ዞሮባቸው ነው፤ ወጌሻ ይጠራ» ይላል። ሦስተኛው «ነገ በማለዳ ወደ ጠበል እንውሰዳቸው» ይላል። ሕመምተኛውም ራሳቸው «ተዉኝ፤ እጄ ደንዝዞ ነው፤ አሁን ይለቀኛል» ይሉ ነበር። በመጨረሻ ሁሉም ወደ እኛ ተመለከቱ፤ የተማረ ሰው ይፍረድ ማለታቸው ነው። እኛም፥ እግዚአብሔር ይቅር ይበለንና፥ «ብዙ ደክመው ይሆናል፤ ጥቂት ይተኙና ከምሳ በኋላ እናያለን» አልን።

ተኙ። ከቀኑ 6 ሰዓት ላይ ሲነሡ ጣቶቻቸው ብርጭቆ እንኳ መያዝ አቃታቸው። ያን ጊዜ ደንግጠን ታክሲ ጠራን፤ ሆስፒታል ስንደርስ 7 ሰዓት ሆኖ ነበር።

የተቀበለችን ወጣት ሐኪም በመጀመሪያ የጠየቀችን «ሕመሙ የጀመራቸው ስንት ሰዓት ላይ ነው?» ብላ ነው። ነገርናት። ጸጥ አለችና ወደ ሲቲ ስካን ሰደደቻቸው። የራስ ቅላቸው በመሣሪያው በታየ ጊዜ በአንጎላቸው የፈሰሰ ደም የለም፤ ነገር ግን ከትልቁ የአንጎል ደም ሥር ከሚወጡት ቅርንጫፎች አንዲቱ በረጋ ደም ተዘግታ ተገኘች። ቀጥላም «ሥራቸው ምንድን ነው?» ብላ ጠየቀች። ሸማኔ እንደ ሆኑ ስንነግራት እንዲህ አለችን፤ «በእኛ መለኪያ ይህ ቀላል ምት ነው፤ ለሸማኔ ግን ቀላል አይደለም። ከ5 ሰዓት በፊት ደርሳችሁ ቢሆን ኖሮ የረጋውን ደም የሚያሟሟ መድኃኒት ልንሰጣቸው እንችል ነበር። አሁን ጊዜው አልፏል።»

ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከጆሯችን አልወጣም። የቀረውን የምንጽፈው የቃሉን ትርጉም ለመረዳት ከዚያ ቀን ወዲህ የጠየቅነውንና ያነበብነውን ነው።

የአንጎል ምት፥ በተለምዶ ስትሮክ የሚባለው፥ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ወደ አንጎል ደም የሚያደርስ ሥር ሲዘጋ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ሥሩ ፈርጦ ደም በአንጎል ውስጥ ሲፈስ የሚመጣ ነው። ከእንጦጦ የሚወርደውን ውኃ በቦይ ስቦ አትክልቱን የሚያጠጣ ሰው ነገሩን ያውቀዋል። ቦዩ በአንድ ስፍራ ሲደፈን ከበታቹ ያለው መደብ ይደርቃል፤ ቦዩ ሲናድ ደግሞ መደቡ በጎርፍ ይበላሻል። ሁለቱም ጥፋት ነው፤ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ ነው። ለመዘጋቱ የሚበጀው ደም አቅጣኝ ለሚፈሰው እሳት ላይ ቤንዚን እንደ መጨመር ነው። በውጭ ምልክታቸው ግን ሁለቱ ይመሳሰላሉና ያለ መሣሪያ ማንም በእርግጥ ሊለያቸው አይችልም። በሀገራችን ሆስፒታሎች ከሚታዩት ምቶች መካከል የደም መፍሰሱ ድርሻ ከአውሮፓ ይልቅ ከፍ ያለ ስለ ሆነ ይህ ጥንቃቄ ለእኛ የበለጠ ያስፈልጋል።

ጉለሌ ከእንጦጦ ሥር ያለች ናት። በዚያ ተራራ ላይ፥ አዲስ አበባ ሳትቈረቈር፥ ዳግማዊ ምኒልክ ከተማቸውን አድርገው ነበር፤ የንጉሠ ነገሥትነትን ዘውድ የደፉትም በእንጦጦ ማርያም ነው። እኚህ ታላቅ ንጉሥ በዚሁ ደዌ መመታታቸውን ታሪክ ይመሰክራል። አስቀድሞ ቀለል ያሉ ምልክቶች ታዩባቸው፤ ሕመማቸው እየበረታ ሲሄድም በ1901 ዓ.ም. ልጅ ኢያሱን ወራሽ አድርገው አሳወቁ። በጥቅምት 1902 ዓ.ም. ግን ብርቱው ምት መጣና ንግግራቸውንና የአካላቸውን ኃይል ነሣቸው። ታኅሣሥ 3 ቀን 1906 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ ከአራት ዓመት በላይ መንግሥታቸውን በራሳቸው ቃል ሊያዝዙ አልቻሉም፤ ቤተ መንግሥቱም በእነዚያ ዓመታት ብዙ ሁከት አየ። በዚያ ዘመን ሥሩ ተዘግቶ ይሁን ፈርጦ የሚለይ መሣሪያ በዓለም አልነበረም፤ ሲቲ ስካን በሕመምተኛ ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሠራበት በፈረንጅ አቆጣጠር በ1971 በለንደን ነው። ንጉሠ ነገሥቱ ያላገኙትን ምርመራ ዛሬ በአዲስ አበባ አንድ ሸማኔ ያገኘዋል፤ በሰዓቱ ከደረሰ።

ከታሪኩ የምንማረው ሌላም ነገር አለ። ቀላሉ ምት ብዙ ጊዜ የብርቱው መልእክተኛ ነው። ሐኪሞች እንደ መዘገቡት፥ ለጥቂት ጊዜ ታይቶ የጠፋ የምት ምልክት ያገኛቸው ሰዎች ሳይታከሙ ሲቀሩ ከአሥሩ አንዱ ያህል በ90 ቀን ውስጥ ሙሉ ምት ይመታዋል፤ ከእነዚህም እኩሌታው ምቱ የሚያገኛቸው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ነው። ስለዚህ «ተሽሎኛልና ልሂድ» የሚለው ቃል አደገኛ ቃል ነው። በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት ደግሞ ሕክምናውን በዚያው ዕለት መጀመር ተመላሹን ምት ከመቶ ሰማንያ ያህል እንደሚቀንሰው አሳይቷል።

አሁን ወደ መድኃኒቱ ምርጫ እንመለስ። በረጋ ደም ለተዘጋ የአንጎል ሥር ሐኪሞች ሦስት መንገድ አሏቸው። የመጀመሪያው የረጋውን ደም የሚያሟሟ መርፌ ነው፤ አልቴፕሌዝ ወይም ቴኔክቴፕሌዝ ይባላል፤ በተለመደው ሥርዓት ሕመሙ ከጀመረ በአራት ሰዓት ተኩል ውስጥ መሰጠት አለበት። ሁለተኛው ከብሽሽት ወይም ከእጅ ደም ሥር ቀጭን ቱቦ አስገብቶ እስከ አንጎል በማድረስ የረጋውን ደም ስቦ ማውጣት ነው። ሦስተኛው ደም እንዳይረጋ የሚከለክሉ ኪኒኖችን፥ ይኸውም አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልን፥ አብሮ መስጠት ነው።

ሰው ሁሉ በመጀመሪያ የሚያስበው «ኃይለኛው ይሻላል» ብሎ ነው። እኛም እንዲሁ አስበን ነበር። ነገር ግን ሐኪሟ ስለ ሸማኔው እጅ የነገረችን ሌላ ነው። የምቱ ክብደት ከ0 እስከ 42 በሚደርስ ነጥብ ይለካል፤ ነጥቡ ሲያንስ ምቱ ቀላል ነው። ጎረቤታችን ያገኙት ነጥብ 2 ብቻ ነበር፤ አንዱ ስለ ከንፈራቸው መዘንበል፥ አንዱ ስለ ክንዳቸው መድከም። መለኪያው ክንድን እንጂ ጣትን አይቈጥርም። ሸማኔ ግን የሚኖረው በጣቱ ነው። እንደዚሁም ለመሪጌታ ድምፁ፥ ለልብስ ሰፊ ዓይኑና እጁ፥ ለሾፌር እግሩ እንጀራው ነው። ስለዚህ ሐኪሞች ነጥቡ ትንሽ ቢሆን እንኳ ጉዳቱ ሰውየውን ከሥራው ወይም ራሱን ከመርዳት የሚከለክለው ሲሆን፥ በሰዓቱ ከደረሰና የሚከለክል ነገር ከሌለ፥ የሚያሟሟውን መርፌ እንዲሰጡ ይመከራሉ። የማይከለክለው ሲሆን ግን ምርጫው ይለወጣል። «ሥራቸው ምንድን ነው?» የሚለው ጥያቄ ለወሬ ያህል የተጠየቀ ሳይሆን ከሕክምናው ውሳኔ አንዱ ክፍል ነበር።

የተዘጋችውንስ ሥር በቱቦ መክፈት አይቻልም ወይ? ብለን ጠየቅን። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጡ አምስት ጥናቶች ይህ ሕክምና ትልቁ ሥር ተዘግቶባቸው በብርቱ ምት ለተያዙት እጅግ እንደሚጠቅም አረጋግጠዋል። በእነዚያ ጥናቶች የገቡት ግን አብዛኞቹ በቀላል ምት የተያዙ አልነበሩም። በ2025 እ.ኤ.አ. የወጡ ሁለት ሌሎች ጥናቶችም ቱቦውን ወደ ትንንሾቹ ቅርንጫፎች ማስገባት ከተለመደው ሕክምና የበለጠ ጥቅም እንዳልሰጠ አሳይተዋል። የጎረቤታችን ሥር ከእነዚህ ከቅርንጫፎቹ ነበረች። እንግዲህ ለእርሳቸው ከሦስቱ መንገዶች አንዱ በእኛ መዘግየት ተዘጋ፤ ሁለተኛው ለእርሳቸው አይነት ሕመም የሚሆን አልነበረም፤ የቀረው ኪኒኑ ነው። እርሱንም ወሰዱ፤ እጃቸውን በባለሙያ እየተረዱ ለብዙ ወራት አለማመዱ። ዛሬ ነጠላ ይሠራሉ፤ ጥለቱን የሚጥለው ግን ልጃቸው ነው። እኛ በቤታቸው ደጅ ባለፍን ቍጥር የመወርወሪያውን ድምፅ እንሰማለን፤ በሰማንም ጊዜ ያን ማክሰኞ እናስባለን።

ይህ በሆነ በሦስተኛው ወር በአዲሱ ገበያ በርበሬና ቅመም የሚሸጡ አንዲት እናት የግራ ጕንጫቸውና የግራ እጃቸው ጣቶች በድንገት ደነዘዙባቸው። የሸማኔው ነገር በሠፈሩ ተሰምቶ ነበርና ልጃቸው አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሆስፒታል አደረሰቻቸው። ሴትዮዋም በሲቲ ስካን ታዩ፤ የፈሰሰ ደም የለም፤ በአንጎላቸው ውስጥ ካሉት ሥሮች አንዱ ግን ጠቦ ከፊሉ ተደፍኗል። እጃቸው ይደንዝዝ እንጂ ይሠራል፤ ይናገራሉ፥ ይራመዳሉ፥ ገንዘብም ይቈጥራሉ። ሐኪሙ ሁለቱን ኪኒኖች አዘዘላቸውና እንዲተኙ አደረገ።

ይህን ጊዜ በአሜሪካን አገር የሚኖረው ወንድ ልጃቸው በስልክ ቀረበ። «ዶክተር፥ በሰዓቱ ደርሳለች፤ ለምን ኪኒን ብቻ ትሰጡልኛላችሁ? ስለ ገንዘብ አያስቡ፤ ኃይለኛውን መርፌ ይስጡልኝ፤ የሥር መክፈቻውም ቀለበት ይግባላት» አለ። ይህ የልጅ ፍቅር ነው፤ ነቀፋ የለበትም። የሐኪሙ መልስ ግን ሁላችንም ልንሰማው የሚገባ ነበር። «ወንድሜ፥ ገንዘብ የሚገዛው መድኃኒት ሁሉ ለእናትዎ የሚበጅ አይደለም» አለውና ምክንያቱን አንድ በአንድ አስረዳው። እኛም በኋላ ጥናቶቹን ፈልገን አነበብን፤ በአጭሩ እነሆ።

በ2018 እ.ኤ.አ. በአሜሪካን አገር የታተመ ጥናት ከሥራ የማይከለክል ቀላል ምት ያገኛቸውን 313 ሰዎች መርምሮ፥ የሚያሟሟውን መርፌ ከወሰዱት ከመቶ 78፥ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 81 ያህሉ በደኅና እንደ ተረፉ አሳየ። መርፌውን ከወሰዱት መካከል ከመቶ 3 ያህሉ በአንጎላቸው ደም ፈሶባቸዋል፤ አስፕሪን ከወሰዱት አንድም አልነበረም። በ2024 እ.ኤ.አ. ደግሞ በ10 አገሮች በ886 ሕሙማን ላይ የተደረገ ጥናት ወጣ። ይህኛው ከሁሉ ይልቅ የእኛን ነገር ይመለከታል፤ የተመረጡት ሰዎች ምታቸው ቀላል ሆኖ የአንጎላቸው ሥር ግን መዘጋቱ በመሣሪያ የታየ ነበሩና። ቴኔክቴፕሌዝ ከወሰዱት ከመቶ 72፥ የተለመደውን ኪኒን ከወሰዱት ከመቶ 75 ወደ ቀድሞ ጤናቸው ተመለሱ። መርፌውን ከወሰዱት ከመቶ 5 ሲሞቱ፥ ኪኒኑን ከወሰዱት የሞተው ከመቶ 1 ነው። ጥናቱም ጥቅም አይገኝበትም ተብሎ ከታሰበው ጊዜ በፊት ቆመ።

ስለ ቀለበቱም እንዲሁ ነው። በ2011 እ.ኤ.አ. የጠበበውን የአንጎል ሥር በብረት ቀለበት ማስፋትን ከመድኃኒት ሕክምና ጋር ያወዳደረ ጥናት 451 ሰዎችን ይዞ ነበር። በመጀመሪያዎቹ 30 ቀናት ውስጥ ቀለበት ከገባላቸው ከመቶ 14.7፥ በመድኃኒት ብቻ ከታከሙት ከመቶ 5.8 አዲስ ምት ወይም ሞት አገኛቸው። ኪኒኑ ግን የታመነ ምስክር አለው። በ2013 እ.ኤ.አ. በቻይና አገር 5170 ሰዎች በታዩበት ጥናት፥ ምቱ በያዛቸው በ24 ሰዓት ውስጥ አስፕሪንና ክሎፒዶግሬልን አብረው መውሰድ ከጀመሩት ከመቶ 8.2፥ አስፕሪን ብቻ ከወሰዱት ከመቶ 11.7 በ90 ቀን ውስጥ ዳግም ተመቱ። ሁለቱ ኪኒኖች አብረው የሚወሰዱት ግን ብዙውን ጊዜ ለ21 ቀን ነው፤ የአንጎል ሥር እጅግ ለጠበበባቸው ሐኪሙ እስከ 90 ቀን ሊያስረዝመው ይችላል፤ ከዚያ በኋላ በአንዱ ይቀጥላል። ከተወሰነው ቀን አልፎ ሁለቱንም መዋጥ የመድማትን አደጋ ያበዛልና ማንም በራሱ ፈቃድ አያራዝመው።

አንድ ሌላ ጥንቃቄም አለ። የረጋው ደም ከልብ ተነሥቶ ወደ አንጎል የሄደ ሲሆን መድኃኒቱ ሌላ ነው። በሀገራችን በልጅነት የጉሮሮ ሕመም ምክንያት የልብ በር የተጐዳባቸውና የልብ ምታቸው የተዛባባቸው ወጣቶች ብዙ ናቸው፤ ለእነርሱ የሚያስፈልገው እንደ ዋርፋሪን ያለ በደም ምርመራ የሚቈጣጠሩት መድኃኒት ነው። ስለዚህ የጎረቤትን ኪኒን ተበድሮ መዋጥ ከንቱ ብቻ ሳይሆን አደገኛ ነው።

በአዲሱ ገበያ የሚሸጡት እናት ከሆስፒታል የቆዩት ሁለት ሌሊት ነው። በማግሥቱ «ልጄ፥ እኔ እኮ ድኛለሁ፤ ሱቄ ተዘግቶ ይዋል?» ብለው ሐኪሙን ለመኑት። «እማማ፥ የምጠብቅዎ ስለ ዛሬ ሳይሆን ስለ ዛሬ ሌሊት ነው» አላቸው። ሥሩ የተደፈነበት ሰው በመጀመሪያዎቹ ቀናት በድንገት ሊብስበት ይችላል፤ በሆስፒታል ካለ ወዲያው ተመርምሮ ብርቱው ሕክምና ያን ጊዜ ሊደረግለት ይችላል። እግዚአብሔር ይመስገን፥ አልባሰባቸውም። የደም ግፊታቸውና ኮሌስትሮላቸው ከፍ ያለ ሆኖ ስለ ተገኘ የእነዚህም መድኃኒት ታዘዘላቸው። የጾም ወራት ሲደርስ መድኃኒቱን ስለሚወስዱበት ሰዓት የንስሐ አባታቸውን ጠየቁ፤ አባም ሳያቋርጡ እንዲወስዱ አዘዟቸው። ከእርሳቸው ቤት ይህን ጥበብ ተማርን፤ በጾምና በቍርባን ምክንያት መድኃኒትን በስውር ማቋረጥ አይገባም፤ ለንስሐ አባትና ለሐኪም ሁለቱም ቢነገር መንገድ አይጠፋም።

ስለ ጠበል ጥቂት እንበል፤ ይህን ሳንናገር ብናልፍ አንባቢዎቻችን ይታዘቡናል። በእንጦጦ ጠበል ብዙዎች እንደሚፈወሱ እናምናለን። የሐኪምን ክብርና መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑንም መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ያስተምረናል፤ ቍስለኛውን ያነሣው ደጉ ሳምራዊም ዘይትና ወይን አፍስሶለታል። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አብረው እንዲወስዱ ማስተማራቸውን እናስታውሳለን። በአንጎል ምት ግን ቅደም ተከተሉ ይጠበቅ። በዚያች ሰዓት ሕመምተኛው መዋጥ ተስኖት ሊሆን ስለሚችል፥ የመዋጥ ኃይሉ በባለሙያ ሳይፈተን ውኃ፥ ቡና፥ ምግብ፥ ጠበልም ቢሆን በአፉ አይግባ፤ ወደ ሳንባው ሊወርድ ይችላልና። ካህን በአልጋው ዘንድ ይጸልይለት፥ በመስቀል ይባርከው፤ ሲሻለው በእግሩ ሄዶ ይጠመቃል። ጸሎት የሰዓት ገደብ የለውም፤ የሚያሟሟው መርፌ ግን ገደቡ አራት ሰዓት ተኩል ነው።

እንግዲህ እያንዳንዱ ቤተ ሰብ የሚከተለውን በልቡ ያኑር። ፊት በአንድ ወገን ቢዘነበል፥ እጅ ወይም እግር ቢሰንፍ ወይም ቢደነዝዝ፥ ንግግር ቢኰላተፍ ወይም ቢጠፋ፥ ዓይን በድንገት ቢጋረድ፥ ሰውነት ሚዛኑን ቢስት፥ ይህ ሁሉ በድንገት ሲመጣ የምት ምልክት ነው። ትንሽ ነው፥ አልፏል አትበሉ። ሰዓቱን ተመልክታችሁ ጻፉ፤ ከእንቅልፉ ሲነሣ ያገኘው እንደ ሆነ ለመጨረሻ ጊዜ ደኅና ሆኖ የታየበትን ሰዓት ጻፉ። ሲቲ ስካን ወዳለበት ሆስፒታል ሳትዘገዩ ውሰዱት፤ የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ስልክ ይጠራል፤ ከዘገየ ግን በተገኘው ታክሲ ሂዱ። አስፕሪን ከቤት አትስጡ፤ ደም እየፈሰሰ እንደ ሆነ አታውቁምና። ወጌሻ አይሸው፤ የግፊት መድኃኒትም ደርባችሁ አታውጡት። የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች ሁሉ በከረጢት ይዛችሁ ሂዱ።

ከሐኪሙ ፊት ስትቆሙ ሦስት ነገር ንገሩት፤ ሕመሙ የጀመረበትን ሰዓት፥ የሰውየውን ሥራና ከምቱ በኋላ ማድረግ ያቃተውን ነገር፥ ቀድሞ የነበረበትን በሽታ። ሦስት ነገርም ጠይቁት፤ ሥሩ ተዘግቷል ወይስ ፈርጧል? ለዚህ ሰው ብርቱው መድኃኒት ከጥቅሙና ከጉዳቱ የቱ ይበልጣል? ኪኒኑ እስከ መቼ ይወሰዳል? ብላችሁ። መልሱን ከሰማችሁ በኋላ በኃይለኛው ስጠን፥ በውጭ አገር እንውሰደው ክርክር ሰዓት አታባክኑ። ቤታቸውን ሸጠው ጥቅሙ ያልተረጋገጠ ሕክምና የሚገዙ ሰዎች አሉ፤ ጥቂት ብር የሚያወጣውን ኪኒን ግን በሁለተኛው ወር ይተዉታል።

የነርቭ ሐኪሞችን በሀገር ውስጥ ማሠልጠን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1998 ዓ.ም. ተጀምሯል፤ በራሷ በጉለሌም የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል አለ። የሚያሟሟው መርፌና የቱቦው ሕክምና በሁሉም ስፍራ የሚገኙ አይደሉም። ነገር ግን ባለው ለመጠቀም የመጀመሪያው ነገር ከቤት በጊዜ መውጣት ነው፤ ይህም ከሐኪሙ ሳይሆን ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

ጎረቤታችን ሸማኔው አንድ ቀንም አልወቀሱንም። በቅርቡ ግን አዲስ ነጠላ ሠርተው ሰጡንና «መምህር፥ ጥለቱ የልጄ ነው፤ መሬቱ የእኔ ነው» አሉን። ተቀብለን አመሰገንን። ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ የወሰንነው በዚያ ቀን ነው። ከአንባቢዎቻችን አንድ ቤተ ሰብ «ጥቂት ይተኛና እናያለን» ማለቱን ትቶ ቢነሣ የእኛ ስሕተት ለሌላው ትምህርት ሆነ ማለት ነው። አምላካችን ቤታችሁን ከድንገተኛ ደዌ ይጠብቅልን፤ ለታመሙት ምሕረትን፥ ለሚያክሙት ጥበብን ይስጥልን፤ አሜን።